አንድ ሥዕል፣ ሁለት ባለሙያ፦ የምስል ሳይንቲስትና የሥነ ጥበብ አጥኚ አብረው ሲሠሩ

«ጥሩ ፎቶ እንፈልጋለን» ብሎ የሚጀምር ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን ሁለቴ ያነሳል። አጥኚው መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ከቀለሙ ሥር ንድፍ አለ ወይ? ይህ እጅ በኋላ የተጨመረ ነው? መሣሪያ የሚመረጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

ጥያቄው ልኩንም ይወስናል። 0.1 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ስንጥቅ ለማጥናት በስንጥቁ ወርድ ላይ ቢያንስ 2 ወይም 3 ፒክሰል መግባት አለበት፤ ይህ በአንድ ሚሊሜትር 25 ፒክሰል ያህል ነው። ወርዱ 8,000 ፒክሰል የሆነ ካሜራ በዚህ ልክ በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው 32 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 60 ሴንቲሜትር ሥዕል፣ ምስሎቹ 30 በመቶ እየተደራረቡ፣ በወርዱ 3 ጊዜ ይነሳል።

በከሰል የተሠራን የሥር ንድፍ የሚያወጣው ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ከቀይ ያለፈ ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ ነው። ተራ ካሜራ ኢንፍራሬድ የሚከለክለው ማጣሪያው ቢነሳለት እንኳ ከ1,000 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) እምብዛም አይሻገርም። ከመዳብ የሚሠሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች በደንብ የሚያሳልፉት ከዚያ በላይ ያለውን ብርሃን ስለሆነ፣ እስከ 1,700 ናኖሜትር የሚያይ የኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ ሴንሰር ይፈለጋል። ደግሞ ሠዓሊው የነደፈው በከሰል ሳይሆን ከብረት ጨው በተዘጋጀ ቀለም ከሆነ፣ መስመሩ እዚያው ኢንፍራሬዱ ላይ ይጠፋል። ባዶ ምስል አይተው «ንድፍ የለውም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከዚህ የሚያድነው የሠዓሊውን አሠራር የሚያውቅ አጥኚ ነው።

በኋላ የተደረገን ጥገና ለመለየት 365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ይበቃል፤ ያረጀ ቫርኒሽ (ሥዕሉ ላይ የሚቀባ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ ከላዩ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ከወፍራም ቫርኒሽ ሥር ያለ ጥገና ግን ሊደበቅ ይችላል። ዓይንን ከአልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር አይረሳ።

በሚነሳበት ጊዜ መብራቶቹን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አቁሙ፣ የቀለም መለኪያ ካርዱን ከሥዕሉ ጎን አስገቡ፣ አንዱን ክፍል በተለያየ ብርሃን ስታነሱ ካሜራውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ። ከሚታየው ብርሃን ወደ ኢንፍራሬድ ስትሸጋገሩ ፎከስ ስለሚሸሽ እንደገና አስተካክሉ።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ምስሉ ሲቀነባበር ነው። ንፅፅር ሲጨመር የሸራው ሽመና ራሱ መስመር መምሰል ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በተቀነባበረው ምስል ብቻ የሚታይን መስመር ቢያንስ በአንድ ያልተነካ ምስል ላይ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ጽሑፍ ውስጥ አይግባ። ምስሉን በሶፍትዌር ማጽዳትም ሲበዛ ይጎዳል። በአርኪሜዲስ ፓሊምፕሴስት (የአርኪሜዲስ ጽሑፍ ተፍቆ በላዩ ጸሎት የተጻፈበት የብራና መጽሐፍ) ሥራ ሊቃውንቱ የተመቻቸው የላዩን የጸሎት ጽሑፍ ያጠፋው ምስል ሳይሆን የተፋቀውን ጽሑፍ በቀይ፣ የላዩን በጥቁር የሚያሳየው ነበር፤ ፊደል የጎደለው ከጥንት ይሁን በሶፍትዌር የሚለዩት እንደዚያ ነው። ስለዚህ አጥኚው ውጤቱን በኢሜይል ከሚጠብቅ፣ ምስሉ ሲቀነባበር እዚያው ስክሪኑ ፊት ይቀመጥ።

ጥሬ ፋይሉን ሳትነኩ አስቀምጡ፣ የሥራ ቅጂውን በ16 ቢት ቲፍ (TIFF፣ የምስል ፋይል ዓይነት)። የሚታተም ምስል ሥር የሞገድ ርዝመቱና የተደረገበት ለውጥ ይጻፍ፤ የምስሉ ቀለም እውነተኛው ሳይሆን በሶፍትዌር የተሰጠ ከሆነም ያው ይባል።