የአማርኛ የቃላት ደመና እንዴት ይሠራል?

የጥምቀት ሰሞን ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎንደር ውስጥ ያለች አንዲት አነስተኛ ሆቴል የእንግዶች አስተያየት መዝገብ ሞልቶ አገኘሁት። ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል? የቃላት ደመና የሚያስደስተኝ እዚህ ላይ ነው፤ ደጋግሞ የተጻፈው ቃል ይገዝፋል፣ አልፎ አልፎ የመጣው ያንሳል፣ ንባቡን ከየት እንደምንጀምር በአንድ ሥዕል እናያለን።

መጀመሪያ አስተያየቶቹን ኮምፒውተር ላይ ጽፈው በአንድ ፋይል ያጠራቅሙ። የእንግዶቹን ስምና ስልክ ያውጡ።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ዘሎት ስለሚያልፍ ደመናው ይዋሻል። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ፊደልን እንጂ ትርጉምን አይደለም። «ውሃ»፣ «ውሀ» እና «ውኃ» ለእርሱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «የውሃ»፣ «በውሃ» እና «ውሃው» ሲታከሉ ስድስት ይሆናሉ፤ ትልቁ ቃል ተበታትኖ ይጠፋል። በ«ፈልግና ተካ» ትእዛዝ ሁሉንም ወደ «ውሃ» ይመልሷቸው። ቃል በቃል እያዩ ይሥሩ እንጂ መነሻ ፊደላትን በጅምላ አይቁረጡ፤ «በግ» «ግ»፣ «ከተማ» «ተማ» ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ «ነው»፣ «ነበር»፣ «እና»፣ «ግን» የመሳሰሉትን ይሰርዙ። «የለም»ን ግን አልነካውም፤ ቅሬታ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

አሁን ሥዕሉን ያውጡ። ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራው «ወርድክላውድ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ይዞት የሚመጣው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በቃላት ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል፤ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን ወይም «አቢሲኒካ»ን ጭነው የፎንቱ ፋይል ያለበትን ቦታ ያመልክቱት።

በእኛ ሥዕል መሀል ላይ «ውሃ» ገዝፎ ወጣ። ጎንደር ላይ ይህ ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ጥር 11 የሚባረከው የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር፣ ወይም የመኝታ ክፍሉ ቧንቧ። ደመናው ምስጋናን ከቅሬታ አይለይም። ስለዚህ ወደ ጽሑፉ ተመልሰን «ውሃ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አነበብን፤ የበዓሉን «ጠበል»፣ የክፍሉን «ቧንቧ» ብለን ተካንና እንደገና ሣልነው። «ቧንቧ» በለጠ። የሆቴሏ ባለቤት ሥዕሉን ጥቂት ተመልክተው፣ ጣሪያው ስንት ሮቶ እንደሚሸከም ጠየቁ።