ገዳዩን ሳያሳዩ አንባቢን ማስከተል፦ የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አጻጻፍ

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይሆን ከወንጀሉ ነው። ማን ማንን፣ መቼ፣ የት፣ በምን፣ ስለ ምን ገደለ? ከገደለ በኋላስ ምን ዋሸ፣ ምን አቃጠለ፣ ማንን አባበለ? ይህን ከገዳዩ ጎን ሆናችሁ በሁለት ወይም በሦስት ገጽ ጻፉት። መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ይህ ገጽ ሳይኖረው የጀመረ ጸሐፊ ግን እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ፍንጭ በየምዕራፉ በትኗል፣ ፍንጮቹ ወዴት እንደሚመሩ ግን ራሱም አያውቅም። ብዙ ጅምር ልቦለድ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማን ምን እንደሚያውቅ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ምዕራፎቹን ከላይ ወደ ታች፣ ሰዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አስፍሩ። የመጨረሻው ዓምድ የአንባቢው ይሁን። በየምዕራፉ እያንዳንዱ ሰው አዲስ ያወቀውን ነገር በአንድ መስመር ጻፉ። አንባቢው ከመርማሪዋ ቀድሞ ሲያውቅ ሥጋት ይፈጠራል፦ ከበሩ ጀርባ ሰው መቆሙን እኛ እናውቃለን፣ እሷ ግን አላወቀችም። እኩል ሲያውቁ እንቆቅልሽ ይሆናል፤ አንባቢው ከእሷ ጋር እየተሽቀዳደመ ይፈታል። እሷ አውቃ አንባቢው ካላወቀ ደግሞ ጥርጣሬ ይመጣል፤ ይህ ሦስተኛው ግን ከሁለት ምዕራፍ በላይ ከቆየ አንባቢው እንደተታለለ ይቆጥረዋል። ሦስት ምዕራፍ በተከታታይ የአንባቢው ዓምድ ባዶ ከሆነ እነዚያን ምዕራፎች ወደ አንድ ጨምቋቸው።

ግሱ ገዳዩን ሲያጋልጥ

በአማርኛ ገዳይ መደበቅ የራሱ ችግር አለው፤ ግሱ ፆታ ይናገራል። «በሩን ከፈተ» ካላችሁ ግማሹን ተጠርጣሪ አወጣችሁ፣ «ከፈተች» ካላችሁም ያው ነው። የተለመደው መሸሸጊያ «በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ ጠፋ» እያሉ በተደራጊ ግስ መጻፍ ነው። ለአምስት ለስድስት ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ከግማሽ ገጽ ካለፈ ግን ትዕይንቱ ሰው የሌለበት ይሆናል፤ አንባቢውም አንድ ነገር እየተደበቀ መሆኑን ከይዘቱ ሳይሆን ከሰዋስው ያውቀዋል።

የተሻለው መንገድ አንቱታ ነው። «ማታ መጥተው ቁልፉን ወሰዱ» የሚል ምስክር፣ የቤቱ ዘበኛ እንበል፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው አልተናገረም። መርማሪዋ የቤቱን አባወራ ነው ብላ ትከተላለች፤ ዘበኛው ግን የተናገረው ስለ እመቤቲቱ ነው። ይህ ፍትሐዊ ማሳሳቻ ነው፤ ቃሉ እውነት ነበር፣ የተሳሳተው ሰሚው ነው። እንዲሠራ ግን ምስክሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አሠሪዎቹን አንቱ የሚል ሰው መሆን አለበት። ለዚያች አንዲት መስመር ብቻ አንቱታ ካመጣችሁበት ይነቃባችኋል።

አንድ ደንብ አትጣሱ፤ ተራኪው አይዋሽም። ፖሊሱ «ገዳዩ በመስኮት ገባ» ቢል ግምቱ ነውና ገዳዩ ሴት ሆና ብትገኝ ማንም አይከሳችሁም። ተራኪው «ገባ» ካለ ግን የገባው ወንድ መሆን አለበት።

ከበር ጀርባ በሚሰማ የስልክ ንግግርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አመጣልሃለሁ» ወይም «አመጣልሻለሁ» ካላችሁ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ተገለጠ። ንግግሩን «እሺ። አዎ። ነገ ይደርሳል። እዚያው» ብላችሁ አሳጥሩት። በተቃራኒው ደግሞ ይኸው ባሕርይ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፦ ሟቹን በሩቁ ብቻ እንደምታውቀው የተናገረችና ሁልጊዜ «እሳቸው» የምትል ሴት በድንጋጤ መሐል አንድ ጊዜ «እሱ እኮ ማታ አይጠጣም» ብትል፣ አስተዋይ አንባቢ እርሳሱን ያነሣል።

የፊደላችን ነገርም አለ፤ ጽሕፈታችን ጥብቀትን አያሳይም። «ገና እመጣለሁ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ከሟቹ ኪስ ቢገኝ፣ ላልቶ ሲነበብ ሰውየው እስካሁን አልመጣም፣ ወደፊት ይመጣል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ቀኑ ለገና በዓል ተቆርጧል። «ይሰማል» እና «ይመታል»ም እንዲሁ ሁለት ሁለት ትርጉም አላቸው። እንዲህ ያለ ፍንጭ በጽሑፍ ብቻ የሚኖር ስለሆነ ሰዎቹ ወረቀቱን ጮክ ብለው ሲያነቡት አታሳዩ፤ ያነበበው ሰው ድምፅ ምሥጢሩን ያወጣዋል። ገናን ከተጠቀማችሁ ቀኑን አረጋግጡ፦ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን፣ በ2016 እንደሆነው፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል።

የዓረፍተ ነገራችን ግስ መጨረሻ ላይ መቀመጡ በነፃ የተሰጠን መሣሪያ ነው። «ሽጉጡን ከመሳቢያው አወጣና ጥይቱን ቆጥሮ መልሶ ቆለፈበት።» አንባቢው እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። በሩጫና በድብድብ ትዕይንት ግን «ዘሎ፣ ተንከባሎ፣ ተነሥቶ፣ ዞሮ» እያሉ መደርደር ፍጥነቱን ይገድለዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት በላይ እንዲህ ያለ ግስ ካለ ቁረጡት።

ሰዓትና ቀን

እያንዳንዱን ትዕይንት በቀንና በሰዓት መዝግቡ፤ ይህን ያልመዘገበ ሰው አንድን ተጠርጣሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ ያቆመዋል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» አሻሚ ነው፤ ለሰኞ የሚያነጋው ሌሊት ነው ወይስ ከሰኞ ቀጥሎ ያለው? «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብትሉ ጥያቄ የለም። የጥበቃ ካሜራ ያንኑ ሰዓት 02:00 ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ኖሮ የተመለሰ ወንድም «2 ሰዓት ላይ ነው ያየሁት» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረ ካልተጠየቀ የስድስት ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ብዙ ነገር ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ከ12 እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የመኪና ታርጋ በፀሐይ ብርሃን ያነበበ ምስክር አይታመንም። በነሐሴ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ፊት የለየም እንዲሁ፤ ደመናው አያስችለውም።

ምርመራው ከአገሩ ሥርዓት ጋር ይሂድ

ከውጭ ፊልም የተቀዳ ምርመራ ወዲያው ይታወቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ፖሊስ የሚጠራው በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ በ907 ነው። የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ደንግጓል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለምርመራ የሚሰጠው አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ደረቅ ሕግ አትመልከቷቸው፤ የመጽሐፉ ሰዓት ቆጣሪ ናቸው። መርማሪዋ ሁለት ቀን አላት፤ ማስረጃ ካላቀረበች ዳኛው ዋስትና ሊፈቅድ ይችላል፣ ሰውየውም ይወጣል። የዚህን ያህል የሚያስጨንቅ ቦምብ አያስፈልጋችሁም።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስቸኩለው ግን ቀብር ነው። በኦርቶዶክሱም በሙስሊሙም ዘንድ ሟች አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ሞቱ ተፈጥሯዊ መስሎ ከታለፈ፣ አስከሬኑ ሳይመረመር አፈር ይለብሳል። አንዲት ነርስ ወይም ገናዥ አንገቱ ላይ ሰንበር አይታ ዝም ማለቷ ብቻውን ሃምሳ ገጽ ይሸከማል። ከዚያ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሠልስቱ ይመጣል፤ በአርባኛው ቀን ተዝካሩ አለ። ተጠርጣሪዎቻችሁን ሁሉ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ሰበብ መፈለግ አይጠበቅባችሁም፤ ለቅሶው ይሰበስባቸዋል። ገዳዩም መምጣትና ማልቀስ አለበት፤ የቀረ ሰው ይጠየቃልና። ብዙ ዕድሮች ስም ይጠራሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ። የዚያ ቀን የስም መጥሪያ መዝገብ አንድ ሰው «ቀብር ላይ ነበርኩ» ያለውን ለማፍረስ ይበቃል፤ እስካሁን በልቦለዶቻችን ብዙ ያልተነካ ማስረጃ ይመስለናል።

ፍንጭ አቀማመጥ

እውነተኛውን ፍንጭ ከመገለጡ በፊት ሦስት ጊዜ አሳዩ። መጀመሪያ በዝርዝር መሐል፦ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ፣ የመነጽር ቤት፣ የተሰበረ የእርሳስ መቅረጫ፣ የሲኒ ማቶት። የሚያስፈልጋችሁ መቅረጫው ከሆነ ፊት ወይም ኋላ አታድርጉት፤ ዓይን የሚያርፈው ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። ሁለተኛ በጨዋታ መሐል፣ ሌላ ትልቅ ነገር ሊነገር ሲል። ሦስተኛ በግልጽ፣ ነገር ግን የተሳሳተ ትርጉም ይዞ። የሐሰት ዱካ ከሁለት አይብለጥ፤ ሁለቱም የራሳቸው እውነተኛ ምክንያት ይኑራቸው። ደጋግሞ የዋሸው ጎረቤት ገዳይ ካልሆነ የዋሸበት ምክንያት መታወቅ አለበት፤ ለምሳሌ ዕቁቡን ይዞ ጠፍቶ ይሆናል።

ስም ስታወጡ አስቴር፣ አስናቀች፣ አስካለ በአንድ መጽሐፍ አታገናኙ፤ በፍጥነት የሚያነብ ሰው የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ያልፋል። ደስታ የሚባል ስም ግን ለወንድም ለሴትም ስለሚወጣ የእንግዳ መመዝገቢያ ላይ ቢገኝ ይጠቅማል።

የዕለቱ ሥራ

የውጭ መመሪያዎች የሚጠይቁትን 80 እና 90 ሺህ ቃል ወደ አማርኛ አትገልብጡ። «አልነገረቻቸውም» አንድ ቃል ናት፤ ውስጧ ግን ባለቤት፣ ተሳቢና አሉታ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ 50 ሺህ ቃል ይበቃል፦ 40 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 1,250 ቃል ገደማ። በቀን 500 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ከተጻፈ በ20 ሳምንት ረቂቁ ያልቃል። ሥራ ያለው ሰው ይህን ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ማድረስ ይችላል። ስትነሡ ትዕይንቱን አትጨርሱት፤ የሚቀጥለውን አንድ መስመር ጽፋችሁ ተዉት፣ ነገ ባዶ ገጽ አይጠብቃችሁም። ረቂቁ ሳያልቅ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ምዕራፍ አንድን አታስውቡ። ገዳዩ ሲለወጥ (ይለወጣል) ያ ሁሉ ልፋት ይጣላል። መስተካከል ያለበትን በሌላ ደብተር ብቻ መዝግቡ።

እርማት

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ለሦስት ሳምንት አትንኩት። ከዚያ መጀመሪያ የሚታረመው ፊደሉ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፤ ዓለሙ፣ አለሙ፦ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስም ልትቀይሩ ስትፈልጉ ግማሹን ያገኛል፣ ግማሹ ይቀራል። በምዕራፍ 31 የሞተ የሚመስል ስም በ35 ብቅ የሚለው በዚህ ነው። የስሞቹን አጻጻፍ መጀመሪያውኑ በአንድ ገጽ ወስኑ። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ የኮምፒውተር ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ ካላችሁም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ቀይሩት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ከዚያ ንግግሮቹን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁሉም ሰው እንደ ዜና አንባቢ ከተናገረ እዚህ ይሰማችኋል።

በመጨረሻ ለሦስት አንባቢ ስጡ፤ አንዱ ልብ አንጠልጣይ የማያነብ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለትሕትና ሲባል ጥሩ ነው ይባላል። ሦስት ነገር በገጽ ቁጥር ይጻፉላችሁ፦ ገዳዩን የጠረጠሩበት፣ መጽሐፉን ዘግተው የተነሡበትና ወደ ኋላ ተመልሰው ለማንበብ የተገደዱበት። ሦስቱም ከገጽ 100 በፊት ትክክለኛውን ሰው ከጠረጠሩ ሁለተኛውን ፍንጭ አደብዝዙ። መጨረሻውን አንብበው «ከየት መጣ?» ካሉ ደግሞ ሦስተኛው ፍንጭ ጎድሏል፤ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሳችሁ የአንባቢው ዓምድ ባዶ የሆነበት ቦታ አስገቡት።