በቤት ቶርኖ የልጆች እሽክርክሪት እንዴት ይሰራል?

በእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም እንጨትን እያዞረ በመሮ ለመቅረጽ በሚያመች ማሽን፣ አሻንጉሊት መስራት ለሚጀምር ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ስራ እሽክርክሪት ነው። በሁለት ጣት ጠምዘዝ አድርገው ሲለቋት መሬት ላይ የምትሾረውን ማለቴ ነው። የእናቶቻችንን እንዝርት አስቡ። ቀጭን ዘንግ አለው፣ ክብ ክብደት አለው፣ አንዴ ከሾረ ሚዛኑን ጠብቆ ይዞራል። እሽክርክሪትም በዚሁ መላ ነው የምትሰራው። የምትፈልገው እንጨት ትንሽ ነው። ደግሞ ስራችሁ መስተካከሉን ማንንም ሳትጠይቁ እሷው ትነግራችኋለች።

እንጨቱ

ደረቅ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያዋን የሰራሁት ገና እርጥብ ከነበረ ባሕር ዛፍ ነበር። ማታ ስጨርሳት በጣም ታምር ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአናቷ እስከ ወገቧ ተሰንጥቃ አገኘኋት። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል፣ ውጥረቱ ሲበዛ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ለጀማሪ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ለመሮ ይመቻል፣ መልኩም ደስ ይላል። ወይራ ከባድ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የምትሾር እሽክርክሪት ይወጣዋል፣ ግን በደንብ የተሳለ መሮና ትዕግስት ይጠይቃል። አናጺ ቤት ጎራ ካላችሁ ከወንበር እግር የተረፈ ቁራጭ አይጠፋም። ጉጥ፣ ስንጥቅ ወይም ሚስማር ያለበትን ተዉት። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ቃጫው በርዝመቱ የሚሄድ ይሁን።

ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት

ሰፊ እጅጌ ይሰብሰብ፣ ፀጉር ይታሰር፣ ነጠላ፣ ሻርፕና ቀለበት ይውለቁ። ጓንት አታድርጉ። ጓንት ጣት የሚያድን ይመስላል፣ ግን የሚዞረው እንጨት ጫፉን ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል። ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከላከያና ማስክ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ስራ ላይ እያላችሁ መብራት ከጠፋ ወዲያው ማብሪያውን አጥፉ። መብራቱ ሲመለስ እጃችሁ እንጨቱ ላይ እያለ ማሽኑ ሊነሳ ይችላል።

አሁን በሁለቱም ጫፎች ከማዕዘን ማዕዘን አስምሩ። መስመሮቹ የሚገናኙበት መሐሉ ነው። አራቱን ጠርዞች በመላጊያ ቀንሱ። አንዱን ጫፍ ቻክ (እንጨቱን ጨብጦ የሚያዞረው የማሽኑ መንጋጋ) ውስጥ አጥብቁ፣ ሌላውን በተንሸራታቹ ሹል ድጋፍ ያዙት። የመሮ ማሳረፊያውን ከእንጨቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል አርቁና እሰሩት። ከዚያ እንጨቱን በእጃችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። የትም ካልነካ ማሽኑን አስነሱ።

ማክበብ

በደቂቃ በ1000 ዙር አካባቢ ጀምሩ። ጎድጓዳውን መሮ ያዙ። መጀመሪያ እንጨቱን የሚነካው ስለቱ ሳይሆን ከስለቱ በታች ያለው የተሳለ ጀርባው ነው። ጀርባው እንጨቱን ሲያሻሽ ይሰማችኋል፤ ገና ምንም አይቆርጥም። እጀታውን በጣም በቀስታ ከፍ አድርጉ። ስለቱ ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል። የሚወጣው ዱቄት ከሆነ ግን መሮው ደንዟል፤ አቁሙና ሳሉት። በስለቱ ቀድሞ የገባ ሰው መሮው ይነክስበታል፣ እንጨቱም ከቻኩ ሊዘል ይችላል።

ቅርጹን ማውጣት

እንጨቱ ከከበበ በኋላ ፍጥነቱን እስከ 2000 ማድረስ ይቻላል። ስራው ከቻኩ ርቆ ካለው ጫፍ ይጀምራል። በጣት የምትጠመዘዝበት መያዣ እዚያ ነው፦ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል። መያዣው ቀጭን ስለሆነ ከበስተኋላው ያለው እንጨት ወፍራም ሆኖ ሊደግፈው ይገባል፤ ለዚህ ነው ቀድመን የምንጨርሰው። ቀጥሎ ሆዷ ይመጣል። የሆዷ ስፋት 4 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በተቻለ መጠንም ወደ ታች ይውረድ። ክብደቱ ለመሬት በቀረበ ቁጥር እሽክርክሪቷ ትረጋለች።

ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቁረጡ። እንዲያ ስትቆርጡ እያንዳንዱ ቃጫ ከስሩ ሌላ ቃጫ ይደግፈዋል፤ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ከቆረጣችሁ ይቦጨቃል።

የሆዷን የታች ክፍል ወደ ጫፉ አጥብቡት፣ ግን ገና አትቁረጡ፤ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። ተንሸራታቹን ድጋፍ አንሱና መያዣው ጫፍ ላይ የተወውን ቀዳዳ በቀላል እጅ ቁረጡት።

ማለስለስና ሰም

የመሮ ማሳረፊያውን ከቦታው አውጡት። ፍጥነቱን ቀንሱ። የብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 120 (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ጀምራችሁ በ180 እና በ240 አድርጋችሁ እስከ 320 ሂዱ። ወረቀቱን ጣት ላይ ሳትጠቀልሉ ከስር በኩል ያዙት።

ልጅ ወደ አፉ ስለሚወስዳት ቫርኒሹን ትቼ ንጹህ የንብ ሰም ነው የምቀባት። ደረቁን ሰም በምትዞረው እሽክርክሪት ላይ ጫን አድርጉት። ከዚያ በሶፍት አሻሹት፤ ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠውና እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ጨርቅ አትጠቀሙ፤ ሶፍት ቢያዝ ይቀደዳል፣ ጨርቅ ግን ጣት ይጎትታል። በህንድ ካርናታካ ግዛት ያሉት የቻናፓትና አሻንጉሊት ሰሪዎችም የሚሰሩት በተመሳሳይ ዘዴ ነው። ቀለም የገባበትን የላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) ዱላ ቶርኖ ላይ ወደሚዞረው እንጨት ይጫኑታል፣ ሰበቃው ያቀልጠዋል፣ ቀለሙ ተለጥፎ ያበራል።

መቁረጥና መፈተሽ

የታችኛውን ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር እስኪቀር አጥብቡ። ከዚያ ማሽኑን አቁሙና በቀጭን መጋዝ በእጅ ቁረጡ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ምስር ፍሬ አክብቡት። ሹል ከሆነ መሬቱን ይቦረቡራል፣ ልጅም ይወጋል።

ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይህን አትስጡ። በዚያ ዕድሜ ለሚገኝ ልጅ የሚሰራ አሻንጉሊት የሚፈተሸው 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር ሊያንቅ ይችላል። ሆዷ ሰፊ ብትሆንም ቀጭኑ መያዣ ከተሰበረ ቁራጩ ይገባል።

አሁን ሳህን ገልብጡና ጀርባው ላይ አሹሯት። ቀጥ ብላ ከቆመች ተሳክቷል። ገና ስትለቋት የምትንገዳገድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጫፉ ላይ ነው፤ ከመሐል ወጥቷል። ወደ ውጭ ያደላውን ጎን በ320 ሁለት ሦስቴ ብቻ አሹና እንደገና ሞክሩ።