ትንሽ ደሴት ላይ ቱሪዝም ሲሞቅ የሚሠሩ ስህተቶች

ቱሪስት ገንዘብ ነው፤ እሱን የሚጠላ የለም። ግን ትንሽ ደሴት ላይ ቆሻሻውን ገፋ የሚያደርጉበት ሌላ ቦታ የለም። ዙሪያው ባሕር ነው።

1. እንግዳውን ቆጥሮ ፍሳሹን መርሳት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። "ዘንድሮ ይህን ያህል ሺህ ሰው መጣ" ሲባል ይጨበጨባል፤ የሁሉም ሽንት ቤት የት ነው የሚፈሰው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የፊሊፒንሷን ቦራካይ እዩ። ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አሸዋዋ እንደ ዱቄት ነጭ ነው፤ እዚያው አጠገቡ ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቀቅ ነበር። ለዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሎ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 መንግሥት ደሴቷን ለ6 ወር ዘጋት። ጀልባ ነጂው፣ አብሳዩ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ሁሉም ሥራ ፈታ። ስትከፈት በአንድ ጊዜ ከ19,215 በላይ ቱሪስት እንዳይኖርባት ተወሰነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያ ቁጥር ሆቴሎቹ ሳይሠሩ በፊት መውጣት ነበረበት።

2. ውሃው የማያልቅ መስሎ መታየቱ

ይቺን ብዙ ሰው አያስተውላትም። በብዙ ትናንሽ ደሴቶች ሥር ያለው ጣፋጭ ውሃ የዝናብ ውሃ ነው፤ ቀለል ስለሚል ከጨዋማው በላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ሪዞርቱ ለመዋኛ ገንዳና ለሣሩ ብሎ ዝናቡ ከሚተካው በላይ በፓምፕ ሲስብ፣ ጨዋማው ከሥር ይወጣል። አንድ ቀን የጎረቤቱ ሻይ ጨው ጨው ይላል። አንዴ ከገባ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። የጣሪያ ዝናብ ማጠራቀምና ገንዳውን በባሕር ውሃ መሙላት ከዚህ ጣጣ በብዙ ይቀላል።

3. የመግቢያ ክፍያውን ሩቅ ካዝና ውስጥ መክተት

ቱሪስቱ ብሩ የት እንደገባ ካየ ብዙም አያጉረመርምም። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የቦኔር ደሴት ባሕር ውስጥ ጠልቀው የሚዋኙ እንግዶችን የምታስከፍለው ገንዘብ ለባሕር ፓርኳ ጥበቃ ይውላል። እዚያ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሳይ ነገር) ላይ መልህቅ መጣል ክልክል ነው፤ ጀልባው ከተዘጋጀለት ተንሳፋፊ ጋር ይታሰራል። አንዳንዱ ኮራል በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ፣ አንድ መልህቅ በደቂቃ የሚሰብረው የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድገት ነው።

4. ነዋሪውን ተመልካች ማድረግ

ሥራውም ትርፉም ከውጭ ለመጣ ከሆነ፣ ዓሣ አጥማጁ ለኮራሉ ምን አስጨነቀው?

5. መዝጋትን እንደ ኪሳራ ማየት

በታይላንድ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ያለው ማያ ቤይ የተባለው ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ሲዘጋ ለ4 ወር ነው የተባለው። የተከፈተው በጥር 2022 ነው። ሰው ሲጠፋ ሻርኮቹ ተመልሰው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መዋኘት ጀመሩ። አሁን ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አይገባም፤ ከደሴቷ ጀርባ ይቆምና ሰው በእግሩ ይሻገራል። በነገራችን ላይ፣ ፎቶውም ያለ ጀልባ ይበልጥ ያምራል።