የባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ባስ በአንዲት ካፓሲተር እንዴት እንደሚስተካከል

ከአያት የተረፈውን ባለ ቫልቭ (ድምፅን በመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ) አምፕሊፋየር አስነስታችሁ የጎንደር ሰርግ ዘፈን ስትከፍቱበት ማሲንቆው ጥርት ብሎ እየተሰማ ከበሮው ግን ካርቶን የሚመቱ ከመሰለ፣ ስፒከር ለመቀየር አትቸኩሉ። በሁለቱ ቫልቮች መካከል የተቀመጠችውን ማገናኛ ካፓሲተር አስቀድሞ መመርመር ይበጃል። ይህች ካፓሲተር የመጀመሪያውን ቫልቭ ከፍተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ አግዳ ሙዚቃውን ብቻ ወደ ቀጣዩ ታሳልፋለች። ባስ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ሞገድ ስለሆነ፣ ካፓሲተሯ ካነሰች መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሶኬቱን ከግድግዳው በመንቀል ነው። መብራት መጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ እጃችሁ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። ከተነቀለም በኋላ ትልልቆቹ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮች 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በኩል ወደ ሻሲው (የብረት አካሉ) አፍስሷቸውና ቮልቴጁ ወደ ዜሮ መውረዱን በቴስተር አረጋግጡ። ይህን ለመዝለል የሚፈልግ ሰው ሥራውን ለባለሙያ ይተው።

ቀጥሎ ካፓሲተሯን ፈልጉ። ኢሲሲ83 (የመጀመሪያው ቫልቭ) እና ኢኤል84 (ስፒከሩን የሚነዳው ቫልቭ) ባሉበት የተለመደ አምፕሊፋየር ውስጥ ከኢሲሲ83 ፕሌት፣ ማለትም ከመውጫው (እግር 1 ወይም 6) ተነስታ ወደ ኢኤል84 ግሪድ፣ ማለትም ወደ መግቢያው (እግር 2) ትሄዳለች። ከዚሁ ግሪድ ወደ ሻሲው የሚወርድ ሬዚስተርም አለ። የባሱን መነሻ የሚወስኑት በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሬዚስተሩን በኪሎ ኦም፣ ካፓሲተሯን በማይክሮ ፋራድ አባዙና 159ን ለውጤቱ አካፍሉ። የምታገኙት የድምፁ ኃይል በግማሽ የሚወርድበት ድግግሞሽ በሄርዝ ነው። ከ220 ኪሎ ኦም ጋር 0.01 ማይክሮ ፋራድ 72 ሄርዝ፣ 0.022 ወደ 33 ሄርዝ፣ 0.1 ደግሞ 7 ሄርዝ ገደማ ይሰጣል። በመስመሩ ላይ ሌላ እንዲሁ ያለ ካፓሲተር ካለ ቅነሳው ይደመራል። ሬዚስተሩን እያሳደጉ ባስ መፈለግ ግን አይመከርም፤ ኢኤል84 ቋሚ ባያስ (ግሪዱን በኔጌቲቭ የሚይዝ ከውጭ የሚመጣ ቮልቴጅ) ሲሰጠው ግሪዱ ላይ ከ300 ኪሎ ኦም በላይ አይፈቀድም።

የባስ ጊታር ዝቅተኛ ክር 41 ሄርዝ ነው። ድምፁ ሳይጎድል እንዲያልፍ ስሌቱን ከዚያ ሩብ፣ ማለትም 10 ሄርዝ አካባቢ አድርጉት፤ 0.068 ማይክሮ ፋራድ ይሆናል። ለአዝማሪ ድምፅና ለማሲንቆ ብቻ ከሆነ 0.033 ይበቃል።

ታዲያ ለምን 1 ማይክሮ ፋራድ አስገብተን አንገላገልም? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከበሮው በኃይል ሲመታ የኢኤል84 ግሪድ ለቅጽበት ወደ ፖዘቲቭ ይዘልቃል፤ ያን ጊዜ ግሪዱ ራሱ ከረንት ይስብና ካፓሲተሯን በፍጥነት ይሞላታል። የምትፈስሰው ግን በ220 ኪሎ ኦሙ በኩል በዝግታ ነው። እስክትፈስስ ድረስ ቫልቩ ከሥራ ይወጣል፣ ቀጣዩም ምት ታፍኖ ይቀራል። 0.1 ማይክሮ ፋራድ በ22 ሚሊ ሴኮንድ አብዛኛውን ሲያፈስስ፣ 1 ማይክሮ ፋራድ ለዚያው 220 ሚሊ ሴኮንድ ይፈልጋል፤ ለፈጣን እስክስታ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ ከውጤት ትራንስፎርመሩ አቅም በታች የሆነ ባስ ብረቱን ከማጨናነቅ በቀር ጆሮ አይደርስም። አምፕሊፋየሩ ያለ ሙዚቃ ዱክ ዱክ ማለት ከጀመረም ከመጠን ያለፈ ባስ በኃይል መስመሩ በኩል ተመልሶ እየገባ ነው፤ ካፓሲተሯን ቀንሱ።

አዲሷ ካፓሲተር የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊስተር ፊልም፣ 630 ቮልት ትሁን። የመብራቱን ኃይል በዳዮድ ወደ ቀጥተኛ በሚቀይር አምፕሊፋየር ላይ ቫልቮቹ ሞቀው ከረንት እስኪስቡ ድረስ ሙሉው ቮልቴጅ እሷ ላይ ያርፋል። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ይህ ይደገማል፣ ስለዚህ በ250 ቮልት መቆጠብ አያዋጣም። አሮጌዋን በካውያ አላቅቁ፣ አዲሷን በአጭር እግር በይዱ።

ከመሰማቱ በፊት አንድ ፍተሻ ይቀራል። ኢኤል84ን ነቅላችሁ ማሽኑን አብሩና በግሪድ ሬዚስተሩ ጫፎች መካከል ያለውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ በጥንቃቄ ለኩ። (ማሞቂያቸው በተርታ የተያያዘ ራዲዮ ላይ ይህ አይሠራም፤ አንዱ ሲነቀል ሁሉም ይጠፋሉ።) ንባቡ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ከታየና ካልወረደ ካፓሲተሯ ማገድ ያለባትን ቀጥተኛ ቮልቴጅ እያሳለፈች ነው፤ ቫልቩን ከመለሳችሁት ፕሌቱ እስኪቀላ ሊግል ይችላል። አሮጌ የወረቀት ካፓሲተሮች ዋነኛ በሽታቸው ይኸው ስለሆነ፣ ባስ ባይጎድልም እንኳ ይቀየሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከበሮው አሁንም ከሳሳ፣ የቫልቩን ካቶድ (ኤሌክትሮን የሚያመነጨውን ክፍል) ከሻሲው ጋር የሚያገናኘውን ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ 25 ማይክሮ ፋራድ የሆነው ደርቆ ይገኛል። የቀረው የትራንስፎርመሩና የስፒከሩ ነው፤ የአሮጌ ጠረጴዛ ራዲዮ ትንሽ ስፒከር ከ80 ሄርዝ በታች ብዙም አያሰማም።