የሳይክል ጂፒኤስ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እሁድ ጠዋት አብረን ወደ ሱሉልታ ከምንወጣው ልጆች የአብዛኞቹ ጂፒኤስ፣ ማለትም ፍጥነት፣ ርቀትና ከፍታ የሚመዘግበው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው። ከአሜሪካ፣ ከዱባይ፣ አንዳንዴም ከጀርመን። ካርቶኑ ይከፈታል፣ ዕቃው መሪ ላይ ይታሰራል። በሁለተኛው ሳምንት "ተበላሽቷል" ይባላል። እንዲህ የተባሉ ብዙ ዕቃዎች እጄ ላይ ደርሰዋል። በእውነት የተበላሹት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ወይ ሰማይ አላዩም፣ ወይ የተሳሳተ ቁጥር ተሞልቶባቸዋል፣ ወይ ቀዳዳቸው ተደፍኗል። ሌላ ለመግዛት ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት እስቲ እነዚህን አብረን እንያቸው።

ሳተላይት ፍለጋ ላይ ተተክሎ ይቀራል

ጂፒኤስ ያለበትን ቦታና ከፍታ ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት መስማት አለበት። ሳተላይቶቹ ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀው ነው የሚዞሩት። ምልክታቸው እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ደክሟል። የቆርቆሮ ጣሪያም ሆነ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት በቀላሉ ያግደዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገር መረጃ በየ30 ሰከንዱ ይልካል። የሁሉም ሳተላይቶች ጠቅላላ ዝርዝር ግን ተልኮ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ዋሽንግተን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የበራ ዕቃ ቦሌ ሲበራ አሁንም እዚያው ያለ ይመስለዋል። የተሳሳተ ሰማይ ላይ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ አዲስ ወይም ለወራት ጠፍቶ የቆየ ዕቃ ከሆነ ሜዳ ላይ አውጡትና 15 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ፍለጋ ላይ እያለ መንዳት አትጀምሩ። ዛፍና ፎቅ በጋረደው ቁጥር የ30 ሰከንዱ መልእክት ይቆረጥበታል፣ እንደገና ይጀምራል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ በብሉቱዝ ከስልካችሁ ጋር አገናኙት። የአምራቹ አፕ የቀጣዮቹን ቀናት የሳተላይት ትንበያ ከኢንተርኔት አውርዶ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ጫማችሁን እስክታስሩ ድረስ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ የተመረጠውን ፕሮፋይል (ለእያንዳንዱ ዓይነት ጉዞ የተዘጋጀውን ቅንብር) እዩ። ለቤት ውስጥ ትሬነር፣ ማለትም ሳይክሉ ባለበት ቆሞ ለሚነዳበት መሣሪያ፣ የተዘጋጀው ፕሮፋይል ጂፒኤሱን ሆን ብሎ ያጠፋዋል። ሁለት ጓደኞቼ በዚህ ምክንያት ብቻ ዕቃቸውን ወደ ጥገና ሊወስዱ ነበር።

ርቀቱ ከጓደኛ ጋር አይገጥምም

50 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ በመካከላችሁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢለያይ ችግር አይደለም። ሁለት ጂፒኤስ ፍጹም አንድ ቁጥር አያወጡም። ልዩነቱ 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ግን ቸርኬው ላይ የሚታሰረውን የፍጥነት ሴንሰር ጠርጥሩ።

ሴንሰሩ የሚቆጥረው ዙር ብቻ ነው። ዙሩን ወደ ሜትር የሚለውጠው እናንተ ያስገባችሁት የጎማ ዙሪያ ልክ ነው። የኮርሳ ሳይክል 700 በ25 ጎማ ዙሪያው 2,105 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ29 በ2.1 ማውንቴን ጎማ ደግሞ ወደ 2,288 ይጠጋል። ዕቃውን ከኮርሳው ወደ ማውንቴኑ አዙራችሁ ቁጥሩን ካልቀየራችሁ፣ 50 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ 46 ብቻ ይጽፍላችኋል።

አንዳንዱ ዕቃ ልኩን ከጂፒኤሱ ጋር አመሳክሮ ራሱ ያስተካክላል። ካላስተካከለ በእጅ ለኩት። ጎማውን በተለመደው ንፋስ ሙሉ። ቫልቩ መሬት በሚነካበት ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሳይክሉ ላይ ተቀምጣችሁ፣ አንድ ሰው ደግፏችሁ፣ ቫልቩ ተመልሶ ታች እስኪደርስ በቀጥታ ወደ ፊት ሂዱ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን በሚሊ ሜትር ጻፉ። ላዩ ላይ መቀመጥ የሚያስፈልገው ክብደት ጎማውን ስለሚያሳጥረው ነው።

ሴንሰር የሌለው ሰውስ? እሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዕቃው በየስንት ጊዜው እንደሚመዘግብ ይይ። ባትሪና ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ነጥቦችን እየዘለለ የሚመዘግብ ዘዴ አለ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጉዳት የለውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ግን መንገዱ ይጠማዘዛል። ዕቃው ሁለት ነጥብ ይዞ መሃሉን በቀጥታ መስመር ያገናኘዋል። ጥምዝምዙ ይቆረጣል፣ ርቀቱም አብሮ ያንሳል። በየሰከንዱ እንዲመዘግብ አድርጉት። ዛሬ ያሉት ዕቃዎች የመያዝ አቅማቸው ለዚህ በቂ ነው።

ከፍታው አይታመንም

እኛ አገር ከምንም በላይ የምከራከርለት ጉዳይ ይህ ነው። የሳይክል ነጂ ልፋት ያለው ዳገት ላይ ነው። ከቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ተነስቶ 3,200 ሜትር ወደሚጠጋው እንጦጦ የወጣ ሰው ድካሙ በትክክል ሊጻፍለት ይገባል።

ጥሩ ዕቃዎች ከፍታን የሚያነቡት በሳተላይት ሳይሆን በአየር ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል። በባሕር ወለል አካባቢ ግፊቱ 1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲቀንስ 8 ሜትር ያህል ወጣን ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው 1 ሄክቶፓስካል 10 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ትንሽ የግፊት ስህተት እኛ ጋ ትልቅ የከፍታ ስህተት ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ነገር፦ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣላችሁ። 10 ሰዓት ላይ ትመለሳላችሁ። ቤታችሁ በ20 ወይም በ30 ሜትር ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። ዕቃው አልተበላሸም። በእኛ ዓይነት ሞቃታማ ቀበቶ የአየር ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል። ዕቃው የግፊቱን መውረድ እንደ ዳገት ይቆጥረዋል። ዝናብ ይዞ የሚመጣ የአየር ለውጥም እንዲሁ ያሳስተዋል።

መፍትሄው ቀላል ነው። የቤታችሁን ደጃፍ ትክክለኛ ከፍታ አንድ ጊዜ ከጥሩ ካርታ ላይ አግኙና ዕቃው ላይ አስቀምጡት። ብዙዎቹ ከዚያ ቦታ በተነሳችሁ ቁጥር ከዚያ ቁጥር ይጀምራሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆይ። ከሞቀ ቤት ወጥቶ ወዲያው የሚያነበው ነገር አያስተማምንም።

ክረምት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ዕቃው ጀርባው ወይም ታችኛው ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። አየሩን የሚሰማው በእሷ ነው። ጭቃ ወይም የውሃ ጠብታ ሲደፍናት ከፍታው ዳገት ላይ እያላችሁም ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ከዚያ በድንገት ይዘላል። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ እጠቡትና ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን አድርጋችሁ አድርቁት። መርፌ እንዳታስገቡ አደራ። እኔ አንዴ በመርፌ ነካክቼ ከውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ቀደድኳት። ያ ዕቃ ከዚያ በኋላ ከፍታ በትክክል አንብቦ አያውቅም።

ዳገት ላይ ራሱ ይቆማል

ይህ አጭር ነው። መብራት ላይ ስትቆሙ ሰዓቱን የሚያቆመው አማራጭ በርቶ ነው። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የቆማችሁ ይመስለዋል። አጥፉት፣ ወይም የሚቆምበትን ፍጥነት ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ አድርጉት።

የልብ ምት ይጠፋል ወይም ያብዳል

ገና ሳትሞቁ 190 ካሳየ ብዙ ጊዜ የልብ ምት የሚለካው የደረት ቀበቶ ደርቋል ማለት ነው። ላብ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ከመታጠቃችሁ በፊት የሚነካካውን ክፍል በውሃ አርጥቡት። ከተጓዛችሁ በኋላ ደግሞ እጠቡት፤ የላብ ጨው ቀስ በቀስ ይገድለዋል።

ጭራሽ ካልተገናኘ ስልካችሁን ፈትሹ። በብሉቱዝ የሚሠራ ሴንሰር ብዙ ጊዜ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ያለ አፕ ቀድሞ ከያዘው ጂፒኤሱ አያገኘውም። አንት ፕላስ የሚባለው ሌላ ገመድ አልባ መንገድ ግን ለብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ይናገራል። ሁለቱም ካላችሁ አንት ፕላሱን ምረጡ። ያም ካልሠራ የቀበቶውን ባትሪ፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ፣ ቀይሩ።

ካርታው ባዶ ነው

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጫንበት የሰሜን አሜሪካ ካርታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነጭ ገጽና አንድ ቀስት ብቻ ያሳያል። እንደ ዋሁ ያሉት አምራቾች ዕቃዎች የሌላ አገር ካርታ በራሳቸው መንገድ በነፃ ያወርዳሉ። የጋርሚን ዕቃ ላይ ደግሞ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ የተሠራ ነፃ የኢትዮጵያ ካርታ አግኝቶ ጋርሚን የሚለው ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ይቻላል። የኢትዮጵያን ብቻ ውሰዱ፤ መላ አፍሪካን ካወረዳችሁ ቦታ ይሞላባችኋል።

ካርታው ገብቶም "ከመንገድ ወጥተሃል" እያለ የሚጮህበት ጊዜ አለ። ኦፕን ስትሪት ማፕን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገዷ በፍጥነት ተቀይሯል። ዓይናችሁ የሚያየውን እመኑ። ቤት ስትገቡ ግን የተቀየረውን ካርታው ላይ አስተካክሉት። ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ማስተካከል ይችላል፣ በኋላ የሚመጣውም ነጂ ይጠቀምበታል።

ጉዞው አፑ ላይ አልመጣም

አትደንግጡ። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ውስጥ አለ። ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ እንኳ እስከዚያ ያለው ብዙ ጊዜ ተቀምጧል። ቻርጅ አድርጋችሁ አብሩትና ጉዞውን አስቀምጡ። ከዚያ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት፣ አክቲቪቲ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ፣ በቀኑ የተሰየመውንና መጨረሻው .fit የሆነውን ፋይል ስትራቫ በሚባለው የጉዞ መመዝገቢያ አፕ ላይ በእጅ ጫኑት።

ኮምፒውተሩ ዕቃውን ካላየው ኬብሉን ቀይሩ። በገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ብቻ እንጂ መረጃ አያስተላልፉም። ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊትም ማስገቢያው ደረቅ መሆኑን እዩ። እርጥብ ማስገቢያ ላይ ቻርጅ ማድረግ ብረቱን ያዝገዋል።

ቀኑ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ

በመጀመሪያ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 7:00 ቢል ስህተት አይደለም፤ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዓመቱ ሲሳሳት ግን ሌላ ነገር ነው። የጂፒኤስ ሥርዓት ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ነው፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነበር። ያልተዘጋጁ አሮጌ ዕቃዎች ከዚያ ወዲህ ቀናቸው 19 ዓመት ከመንፈቅ በላይ ወደ ኋላ ተጎትቷል። ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ። አምራቹ አፕዴት ማውጣት ካቆመ ዕቃው ፍጥነትና ርቀት ይሰጣል እንጂ ቀኑ አይስተካከልም።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ይህን አስታውሱ። ሻጩን "ውጭ ወጥተን እንክፈተው" በሉት። ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁና ቀኑን እዩ። ሁሉንም ቁልፎች ተጫኑ፣ ለመረጃ በሚሆን ኬብል ሞክሩት፣ የቻርጅ ማስገቢያው ዝገት እንደሌለው አረጋግጡ። ከአሮጌው ባለቤት አካውንት መላቀቁንም ጠይቁ።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ትልቅ ስክሪን ላይ አታውሉት። በአየር ግፊት ከፍታ የሚያነብ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብራይተንና አይጂፒስፖርት ከሚባሉት አምራቾች የሚመጡት በዋጋ ዝቅ ያሉ ሞዴሎችም ይህ ያላቸው አሏቸው። ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የአውሮፓውን ጋሊሌዮንና የሩሲያውን ግሎናስን የሳተላይት ሥርዓት ቢሰማ በፎቆቹ መሃል መስመሩ ብዙም አይዋዥቅም። ቀኑን ሙሉ ደብረ ብርሃን ድረስ ለሚነዳ ሰው የባትሪው ዕድሜ ከካርታው ይበልጣል። በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞር ግን መንገዱን በቀጭን መስመር የሚያሳይ ካርታ የለሽ ዕቃ ይበቃል።