የጃፓን የሺንቶ መቅደስ እንዴት ይጎበኛል?

ጃፓን የሄደ ሰው የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓኖች ነባር እምነት፣ መቅደስ ሳያይ አይመለስም። ቦታው ግን ሰው ልጁን ይዞ የሚሳለምበት ቦታ ነው። እንግዳ ሆኖ ለመግባት ጥቂት ነገር ማወቅ ይበቃል።

ቶሪ የሚባለው በር ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ኮፍያ አውልቁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እጅ ንሱና ግቡ። የመንገዱ መሀል የካሚ፣ ማለትም የመለኮቱ መተላለፊያ ስለሆነ ዳር ዳሩን ሂዱ።

ቀጥሎ የመንጻት ውሃ ታገኛላችሁ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ጠበል እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የተቀደሰ ግቢ ውስጥ ውሃ ሳይ በጭልፋው ቀድቼ ጠጣሁ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት አሮጊት ምንም አላሉኝም። ተራቸው ሲደርስ ሌላ ጭልፋ አንስተው፣ እኔ እንዳየው ብለው፣ ሁሉንም ቀስ እያሉ አደረጉት። በጣም አፈርኩ። ጭልፋው ከንፈር አይነካም፤ ውሃውም አይጠጣም።

ያሳዩኝ እንዲህ ነው። ጭልፋውን በቀኝ ይዛችሁ ሙሉ ቅዱ፤ አንድ ጊዜ የተቀዳው ለሁሉም ይበቃል። ግራ እጃችሁን ታጠቡ። ጭልፋውን ወደ ግራ አዛውሩና ቀኙን ታጠቡ። እንደገና በቀኝ ያዙት፤ ግራ መዳፋችሁ ላይ ትንሽ አፍስሱና በእሱ ተጉመጥመጡ። የምትተፉት ከገንዳው ውጪ፣ መውረጃው ላይ ነው። ግራ እጃችሁን ድገሙት። በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የተረፈው ውሃ በእጀታው ወርዶ ለሚቀጥለው ሰው ያጥበዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ እንግዳ ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ከኮሮና ወዲህ ጭልፋ ያነሱ መቅደሶች አሉ። እዚያ ከቀርከሃ ቧንቧ በሚፈሰው ውሃ እጃችሁን ታጠቡ።

ጸሎት ቤቱ ፊት እንደ ሙዳየ ምጽዋት ያለ ሳጥን አለ። ሳንቲሙን ሳትወረውሩ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። 5 የን የሚመረጠው «ጎ-ኤን» የሚለው አጠራሩ መልካም ትስስር ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም ነው። ደወል ካለ ደውሉ። ሁለቴ እጅ ንሱ፣ ሁለቴ አጨብጭቡ፣ ጸልዩ፣ አንዴ እጅ ንሱ። ኢዙሞ ታይሻ የሚባለው መቅደስ ላይ ግን ጭብጨባው አራት ነው። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ከሆነ ጭራሽ አይጨበጨብም።

እምነታችሁ ካልፈቀደላችሁ ዳር ቆሞ ዝም ማለት ነውር የለውም። ለፎቶ ብሎ ማጨብጨብ ግን ይቅርባችሁ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ምልክቱን እዩ። ኢሴ በሚባለው ታላቅ የመቅደስ ግቢ ውስጥ ዋናው መቅደስ ጋ ከደረጃው በላይ ማንሳት ክልክል ነው። የሴልፊ ዘንግ ሆቴል ብትተዉት ይሻላል። ኪዮቶ ከተማ ያለው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ ሌሊትም ክፍት ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ሂዱ፤ በሺዎች በሚቆጠሩት ቀያይ ቶሪዎች ስር ሳትጋፉ ታልፋላችሁ።

ስትወጡ በሩን አልፋችሁ ወደ መቅደሱ ዞር በሉና አንዴ እጅ ንሱ።